እናቴ አበባ ላይ የተቀመጠችበት ቀን

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር የወጣሁት ጨርቅ ልንገዛ ነው ተብዬ ነበር። «የሙሽራ ጨርቅ ያለው እዚያ ነው፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንሄደው» አለችኝ እናቴ። እኔም ይህንኑ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አዳረስኩ። ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። ድንበር የሚባለውንም ነገር ደረጃ ወጥተው የሚሻገሩት ረጅም ግንብ አድርጌ ነበር የማስበው።

እናቴ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበረች። «ነበረች» ማለቴን ብትሰማ ትቆጣኛለች፤ ይህን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ ወዲያኛው ክፍል ተቀምጣ የልጄን ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ነው። ስሟ የወጣው ግን በቀሚስ ብቻ አልነበረም፤ ቀሚሱ ላይ በምታሳርፋቸው አበቦች ነው። የሳቲን ቁራጭ ይዛ በጣቶቿ ጠቅለል፣ ቆንጠጥ፣ ገልበጥ ታደርገዋለች፤ ከእጇ ሲወጣ ጽጌረዳ ሆኗል። አባቴ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ቤታችን የሴቶች ቤት ነበር፤ እናቴ፣ ታናሽ እህቷ አክስቴ እና እኔ።

ከጉዞው በፊት በነበሩት ወራት እናቴ ጠባይዋ ተለውጦ ነበር፤ ለውጡ ግን ለእኔ የተደገሰልኝ ያህል ነው። መርፌ ላይ ክር የማስገባው እኔ ሆንኩ። «ያንቺም ዓይን ትንሽ፣ የመርፌውም ዓይን ትንሽ፤ እናንተው ተግባቡ» ትለኛለች። መንገድ ስንወጣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እንደ እኩያ ጓደኛዋ አብራኝ ትሄዳለች። በዚያ ላይ «እስቲ ንገሪኝ» የሚባል ጨዋታ አመጣች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ነው የሚመጣው?» «እስቲ ንገሪኝ፣ ያ መኪና ምን ጭኗል?» እኔም እነግራታለሁ። ጨዋታው እንዳይሰለቻት ደግሞ ትንሽ ጨመር አደርግበታለሁ፤ ሲሚንቶ የጫነው መኪና አንበሳ ይጭናል፣ ጎረቤታችን በባዶ እግራቸው ዣንጥላ ይዘው ይዘላሉ።

«ውይ! አንበሳው ታስሯል?» ትለኛለች እናቴ።

«አንደኛው ብቻ ነው የታሰረው።»

«በይ ወደ ዳር እንውጣ» ትልና እንወጣለን።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ከዚያ በላይ እምብዛም አታይም። ይህንን ከአክስቴ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ሙሽሮች ማየት ከተሳናት ሰፊ ዘንድ አይመጡም ብላ ፈርታለች፤ አባቴ ደግሞ ባሕር ላይ ሆኖ እንዳይጨነቅ ብላለች። የምትለካውም የምትቆርጠውም አክስቴ ሆነች። እናቴ አበባዋን እያበጀች ትቀመጥና ደንበኛ ሲገባ በድምፁ ለይታ «አንቺ፣ ቀጠንሽ ልበል?» ትላለች። ቀጠንሽ የተባለች ሴት ደግሞ ሌላ ነገር አትጠረጥርም።

የሄድን ቀን ሥራው እንዳይቋረጥ አክስቴ ቀረች። ጣቢያው ላይ አቅፋ ጨመቀችኝና «የእናትሽን እጅ እንዳትለቂ! ለሽንትም ቢሆን እንዳትለቂ! ሰማሽ?» አለችኝ። እንዳልጠፋ ፈርታ ነው ብዬ ነበር። ልትጠፋ ትችላለች ተብሎ የተፈራላት እናቴ መሆኗ በፍጹም አልታየኝም።

ድንበሩ ግንብ አልነበረም። አንድ ጠረጴዛና አንድ የሚያዛጋ ፖሊስ ነበር። በጣም አዘንኩ። ለእናቴ ግን ደረጃ ያለው ትልቅ ግንብ ነው ብዬ ነገርኳት፤ ደረጃውንም እግሯን እያነሳች ወጣችልኝ። ፖሊሱ ማዛጋቱን ትቶ ሲያየን ትዝ ይለኛል።

ከድንበሩ ማዶ የተሳፈርንበት ባቡር ትይዩ የሆኑ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏቸው ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። በእኛ ክፍል መስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጋዜጣው በላይ የባርኔጣቸው ጫፍ፣ ከጋዜጣው በታች የተወለወለ ጫማቸው ነው የሚታየው። በልቤ ጋሼ ጋዜጣ አልኳቸው።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«አንድ ጋዜጣ ጫማ አድርጎ ተቀምጧል» አልኳት። ያን ቀን ምንም ሳልጨምር የነገርኳት ያንን ብቻ ይመስለኛል።

ትንሽ እንደተጓዝን ባቡሩ አንድ ከተማ ላይ ቆመና ክንዷ የእኔን ወገብ የሚያህል፣ ፊቷ በሙቀት የቀላ አንዲት ወፍራም ሴት እያለከለከች ገባች። እሷና ትኬት ቆራጩ አንድ ግዙፍ ካርቶን በአራት እጅ ተሸክመዋል፤ አራስ ልጅ የያዙ ያህል ነው የሚጠነቀቁት። ከእኛ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡትና ሴትዮዋ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን ከፈተችው። ፎቅ በፎቅ ላይ የተሠራ፣ በረዶ የመሰለ የሠርግ ኬክ!

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሴትዮዋ አየችኝና በጣቷ ወደ ኬኩ እያመለከተች «ክሬም» አለችኝ።

«ክሬም!» አልኳት እኔም። የምንግባባበት ቃል በመገኘቱ ሁለታችንም ደስ አለን። እትዬ ክሬም ብዬ ስም አወጣሁላት።

ቀጥላ ከጉልበቷ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ከፈተች። ውስጡ አበባ ነው፤ ከስኳር የተሠራ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባ፤ ቦታው ሲደርሱ ኬኩ ላይ የሚደረደር። ከተሰነጠቀው አንዱ ላይ ቅጠል ቆርሳ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሴትዮዋ ዘመዴ ሆነች።

በኋላ እናቴ መጸዳጃ ቤት ፈለገችና እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወሰድኳት። ስንመለስ ባቡሩ ድልድይ ላይ ወጣ። ከታች ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ደግሞ ጀልባ! ከክፍላችን መስኮት በደንብ ይታያል ብዬ የእናቴን እጅ ከትከሻዬ አውርጄ ሮጥኩ። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ጀልባውን ስመለከት ከኋላዬ እናቴ በሩን ዳሰስ፣ ወንበሩን ነካ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በቦታዋ ቁጭ አለች።

ቅርርርጭ!

እትዬ ክሬም በእሷ በኩል ፀሐይ ስለበረታ የአበባውን ካርቶን ወደ እኛ ወንበር አዛውራው ኖሯል።

ጩኸት ትርጉም አያስፈልገውም። እትዬ ክሬም ስትጮህ እናቴ ብድግ አለች፤ የቀሚሷ ጀርባ አበባ በአበባ ሆኗል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ በሕይወቷ ከሠራቻቸው ቀልዶች ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብዬ ነበር።

«ሚጣ፣ ምንድን ነው? ምን ላይ ነው የተቀመጥኩት?»

«አበባ ላይ!» አልኳት እየተንከተከትኩ። ማስመሰሉንስ እንዴት ብትችልበት ነው!

ትኬት ቆራጩ መጣ። ከየክፍሉ ሰው እየወጣ በራችን ላይ ተደረደረ። እትዬ ክሬም አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ ኬኩን፣ አንዴ የደቀቀውን አበባ እያሳየች ታለቅሳለች። ሠርጉ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነው፣ ሠርጉም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ ወደ አንዱም አልዞረም። ይቅርታ የሚባልበትን ቋንቋ አታውቅም፣ ማንን ይቅርታ እንደምትልም አታይም።

ያን ጊዜ ጋዜጣው ታጠፈ። ከኋላው ቅንድባቸው የተንዠረገገ፣ ፊታቸው የተሸበሸበ ሽማግሌ ወጡ። እናቴን ትኩር ብለው አዩዋትና ባልጠበቅነው ነገር በራሳችን ቋንቋ ተናገሩ።

«አንተ» አሏት እናቴን። «ዓይን የለህም?»

እኔ ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ «ዓይን የለሽም እንዴ!» የሚባለው ሰው ሲገፋ፣ ዕቃ ሲሰብር፣ ሲረግጥ ነው። ለስድብ እንጂ ለጥያቄ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ጭራሽ ደግሞ «አንተ»! ጋሼ ጋዜጣ በወጣትነታቸው አገራችን መጥተው መንገድ ሲሠሩ እንደኖሩ፣ ቋንቋውንም ወንዶች ብቻ ካሉበት የሠራተኞች ሠፈር እንደለመዱት፣ ስለዚህም በእሳቸው ዘንድ ሴትም ወንድም ሕፃንም ሁሉም «አንተ» እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ሽማግሌው የጠየቁት የእውነት ጥያቄ ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የእናቴን ዓይኖች አስተውለው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አላት!» ብዬ ፊታቸው ተደቀንኩ። «ሁለት ዓይን አላት! እንዲያውም ትልልቅ!»

«ተይ ሚጣ» አለች እናቴ። ድምፁ ወደመጣበት ዞረች፤ ወደ ሰውየው ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎናቸው። «የለኝም አባቴ። አላይም። ሐኪም ዘንድ እየሄድኩ ነው።»

ገባኝ አልኩ። እኔ ትምህርት ቤት መሄድ ሲያስጠላኝ ሆዴን አመመኝ እላለሁ፤ እናቴም ከጥፋቷ ለማምለጥ ዓይኗን አሟታል። ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ አደነቅኳት፤ እንዳላጋልጣትም አፌን ያዝኩ።

«አላይም» የሚለው ቃል ከአክስቴ ሌላ ለሰው ጆሮ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያን ያህል ጊዜ ከደንበኛ፣ ከጎረቤት፣ ከባሏ የደበቀችውን ለአንድ የማታውቀው ሽማግሌ ባቡር ውስጥ ተናገረች። «ስናገረው ትከሻዬ ላይ የነበረ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ» ትላለች እስከዛሬ።

ጋሼ ጋዜጣ ለሕዝቡ ተረጎሙት። እትዬ ክሬም ልቅሶዋን አቋርጣ ቀረብ አለችና እጇን እናቴ ፊት ግራና ቀኝ አወዛወዘች። ሰላምታ ስለመሰለኝ በእናቴ ፈንታ እኔ እጄን አወዛወዝኩላት።

ከዚያ እትዬ ክሬም እናቴን በሁለቱ ወፋፍራም ክንዶቿ ጥቅልል አድርጋ አቀፈቻትና እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ልታንቃት ነው ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ፤ እሷ እቴ! እኔንም ጨምራ አቀፈችኝ። ቫኒላ ቫኒላ ትሸታለች።

እናቴ ከእቅፏ ስትወጣ ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ የምትጠቀምበት ድምፅ ነው። «አባቴ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ አበባውን ከምንድን ነው የሠራችው? የተረፈስ አላት?»

ጋሼ ጋዜጣ ጠየቁ። «ስኳር ነው ይላል» አሉ ወደ እትዬ ክሬም እያመለከቱ። «እንደ ሊጥ ይደረጋል ይላል። ድንገት ቢሰበር ብሎ ትንሽ ይዟል።»

እትዬ ክሬም ከቦርሳዋ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነጭ ድቡልቡል ነገር አወጣች። እናቴ ተቀብላ ጨመቅ አደረገችው፣ ለመጠጠችው፣ ከጠርዙ ቆንጥራ ቀመሰችው።

«ሳቲን ነው» አለች። «ትንሽ የሰነፈ ሳቲን። እጄን አስታጥቡኝ።»

ትኬት ቆራጩ ውኃ አመጣ። የመጀመሪያው አበባ እጇ ላይ ሟሟ፤ እትዬ ክሬም ነገሩ ገብቷት የእናቴን መዳፎች በደቀቀ ስኳር ነሰነሰችላቸው። ሁለተኛው ባቡሩ ሲዞር ተጨራመተ። ሦስተኛውን ስትጀምር ማንም አይተነፍስም። በአውራ ጣቷ አሳሳችው፣ ጠቀለለችው፣ ጠርዙን ወደ ውጭ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው፣ ሥሩን ቆነጠጠችው፤ ከዚያ «ሚጣ፣ እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ። መዳፌ ላይ የፈነዳ ጽጌረዳ አረፈ።

እትዬ ክሬም ጎንበስ ብላ አየችው። ቀና ብላ እናቴን አየቻት። ከዚያ የራሷን እጅ ስኳር ነሰነሰችና ጎኗ ቁጭ አለች።

ያን የመሰለ ጉዞ ከዚያ በኋላ አላየሁም። እትዬ ክሬም ሊጡን ትዳምጣለች፣ እናቴ ትጠቀልላለች፣ እኔ እየተቀበልኩ የካርቶኑ ክዳን ላይ እደረድራለሁ። ጋሼ ጋዜጣ ጋዜጣቸውን አራት አጥፈው አበቦቹ እንዲደርቁ ያራግባሉ። ትኬት ቆራጩ በራችን ላይ ቆሞ የሚጋፋውን ይገፋል፤ እሱ ራሱ ግን ከሁሉም በላይ አንገቱን ያስገባል። አንዲት ሴት ከወዲያኛው ክፍል ልጇን አምጥታ ከፍ አድርጋ አሳየችው። እናቴ እንደምትለው ትኬት ቆራጩ ሄዶ ለሾፌሩ ነግሮት ባቡሩ መጠምዘዣ በደረሰ ቁጥር ዝግ ይል ነበር። እኔ ይህን አላምንም። ባቡር ለአበባ ብሎ ዝግ አይልም እላታለሁ። «አንቺ ምኑን አውቀሽ! እኔ በመቀመጫዬ ነው የማውቀው» ትለኛለች።

ሊጡ ሲያልቅ ከተማው ደረሰ። እኛም የምንወርደው እዚያው ነበር። እናቴ ማረፊያ እንፈልጋለን ብትል እትዬ ክሬም አልሰማችም፤ ወይም ጋሼ ጋዜጣ የተረጎሙላትን እንዳልሰማች ሆነች። ሻንጣችንን ነጥቃ ከኬኩ ጋር ታክሲ ላይ ጫነችው። ጋሼ ጋዜጣም «እኔ ቤት ብሄድ ምን ይሠራል? ማንም የለም» ብለው አብረውን ተሳፈሩ።

ሠርጉ ረጃጅም ጠረጴዛ የተዘረጋበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናቴ አንድ ባንድ እየዳሰሰች፣ እትዬ ክሬም እጇን እየመራች፣ አበቦቹ ኬኩ ላይ ተሰኩ። ሰው ሁሉ መጥቶ ከበበን። ታሪኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር እሰማ ነበር፤ ቋንቋው ባይገባኝም «ቅርጭ!» የምትለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ እየመጡ የእናቴን እጅ ይስማሉ። ሙሽራዋ እሷ መስላኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ትክክለኛዋ ሙሽራም መጣችና እናቴን ይዛ ረዘም ላለ ጊዜ አወራቻት። ጋሼ ጋዜጣ ቆፍጠን ብለው ተረጎሙ።

«ሙሽራው በጣም ወዶሃል ይላል። እንዳንተ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ይላል። ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ብትኖር ይላል።»

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሙሽራው ማለት በእኔ ቋንቋ ያ ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ጸጉሩን የተቀባ ሰውዬ ነው! ገና በሠርጉ ቀን፣ ገና ኬኩ ሳይቆረስ፣ የሰው ሚስት! ወንበሬን ጎትቼ በእናቴና በሙሽራው መካከል ተቀመጥኩ። ምስኪኑ ሰውዬ እንድንደንስ እጁን ሲዘረጋልኝ «አባቴ መርከብ ላይ ነው! ይመጣል!» አልኩት። እሱ ደግሞ ያመሰገንኩት መስሎት ኬክ ጨመረልኝ። በላሁለት፤ ግን አልታረቅኩትም።

እናቴ በበኩሏ ሙሽራዋን ስታቅፍ የቀሚሱ ጎን ላይ የላላ ስፌት በእጇ አግኝታለች። «ሚጣ፣ ክር አስገቢልኝ» አለችኝና ሙሽራዋን እዚያው አቁማ ሰፋችላት። ኋላም ከጋሼ ጋዜጣ ጋር ደነሱ። «አንተ ጎበዝ ነህ! ቀኝ! ቀኝ!» እያሉ ሲመሯት፣ እሷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ አየኋት። እናቴ ስትደንስ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከእትዬ ክሬምና ከጋሼ ጋዜጣ ጋር ወደ ጨርቁ ሱቅ ሄድን።

ለእኔ ሱቅ ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ መጋረጃው ነጭ፣ በየክፍሉ ታጥፎ የተከመረው ጨርቅ ሁሉ ነጭ፤ ሻጮቹ እንኳ የለበሱት ነጭ ነው። ይሄ የሙሽራ ጨርቅ ብቻ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር ነው አልኩ። እናቴ ጉንጬን ሳመችኝና «ምርጥ ምርጡን መርጬ እመጣለሁ» ብላ ከአንድ ነጭ ከለበሰች ሴት ጋር ገባች።

እትዬ ክሬም እኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። የያዘችልኝን የስኳር ሊጥ እየጠፈጠፍኩ ቀና ስል እንባዋ ኮለል ይላል። የደቀቁት አበቦቿ ትዝ ብለዋት ነው ብዬ አዘንኩላት። ጉንጯን እየዳበስኩ «አይዞሽ፣ ሌላ ተሠራልሽ እኮ» አልኳት። ባሰባት።

ሐኪሙ ምንም ተስፋ አልሰጥም ብሎ ነበር። ሞራው ሲነሳ ከኋላው ያለው ዓይን ደህና ይሁን አይሁን ሳይከፈት አይታወቅም። ለመጀመሪያው ቀን አንዱን ዓይን ብቻ ሊነካ ነው የወሰነው። ይህን ጋሼ ጋዜጣ ለእናቴ ተርጉመውላታል፤ እትዬ ክሬምም ሰምታለች። ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር። እናቴን አንድ ጊዜ «አልጋው ላይ ተኝተሽ ምን ታስቢ ነበር?» ብያት ነበር። ጸሎት አደርግ ነበር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «የዚያች ሙሽራ ቀሚስ ዳሌው ላይ ሰፍቶ ነው የተቆረጠው፤ እሱ ነበር የሚያናድደኝ» አለችኝ።

ስትወጣ ዓይኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። እየሞከረችው ነው አልኩ። ነገር ግን እጄን ሙጭጭ አድርጋ ያዘችኝ። ገበያ የቀናው ሰው የሰው እጅ እንደዚያ አይይዝም። የገዛሽው ጨርቅስ የት አለ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ማሰሪያው እስኪፈታ የቆየነው በባቡር ወደ ኋላ ተመልሰን እትዬ ክሬም ዘንድ ነው፤ ከዳቦ ቤቷ በላይ ባለው ክፍል፣ ወለሉ ከታች ባለው ምድጃ ሙቀት ሁልጊዜ ለብ በሚልበት። እሷና እናቴ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፤ አንዷ በአንዱ ቋንቋ፣ ሌላዋ በሌላው። ስለ ምን እንደሆነ ሁለቱም የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ግን አንዷ ተናግራ ስትጨርስ ሌላዋ በቦታው ትስቃለች፣ በቦታው «ወይኔ!» ትላለች።

የሚፈታበት ቀን ደረሰና በባቡር ተመልሰን ሁላችንም ሐኪሙ ዘንድ ገባን። መጋረጃው ተዘግቷል። ሐኪሙ ማሰሪያውን ዙር በዙር ፈታ፤ የመጨረሻውን ጥጥ አነሳ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጨፈነች። እንባዋ ወረደ። እትዬ ክሬም እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነው።

«አየህ?» አሉ ጋሼ ጋዜጣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «አንተ… አየህ?»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ዞረች። ከዚያ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ሲመጣ አየሁ።

«አባቴ» አለች፣ «ምን ዓይነት ቅንድብ ነው ያለዎት!»

ጋሼ ጋዜጣ እስኪተረጉሙት ማን ይጠብቃል! እትዬ ክሬም ጮኸች። ሐኪሙን ጉንጩን ሳመችው፣ ነጭ የለበሰችዋን ሴት ሳመቻት፣ ጋሼ ጋዜጣን ባርኔጣቸውን አስወልቃ መላጣቸውን ሳመቻቸው። እናቴ ይህችን ወፍራም ሴት ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «አንቺ ነሽ?» አለቻት። እትዬ ክሬምም በማይገባት ቋንቋ ለተጠየቀችው ጥያቄ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ከእትዬ ክሬም ቀሚስ ኋላ ተደብቄአለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴ ወደ እኔ ስትዞር ድንገት አፈርኳት። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ዓይኗ ፊቴ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን እየዞረ ሄደ።

«ነይ» አለችኝ። «ነይ የኔ እናት። ፈገግ በይ እስቲ።»

ፈገግ አልኩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጥርስሽ! የፊት ጥርሶችሽ ወልቀው ነበር እኮ! መቼ በቀሉ?»

«ቆዩ» አልኳት።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታዪ መስሎኝ።»

ይህን ስል ነው የገባኝ። መርፌው፣ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ አበባው፤ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ላለቅስ ስል ግን እናቴ ቀደመችኝ፤ ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ጀመር። ሳበችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አዲሶቹን ጥርሶቼን ታያለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ታያለች።

ሁለተኛው ዓይን ደግሞ በሳምንቱ ተሠራ። የሙሽራ ጨርቅም ገዛን፤ እንዲያው በባዶ እጃችን እንዳንመለስ።

ማሰሪያው የተፈታ ዕለት ምሳ ግን ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል፣ መጋረጃው ገርበብ ብሎ፣ እትዬ ክሬም ትኩስ ዳቦ ቆርሳልን ነበር። እኔ እጎርሳለሁ፤ ቀና ስል እናቴ ታየኛለች። ጎንበስ ብዬ እጎርሳለሁ፤ ቀና ስል አሁንም ታየኛለች። የእሷ ዳቦ እንዳለ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? አትበዪም?»

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል። «እኔ ገና አልጠገብኩም።»